ትችለዋለች

«ተይው፣ ራጅ አያስፈልጋትም። አክስቴ ናት፤ ትችለዋለች።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ወዲህ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጣ ነው። ክሊኒኩ ገና መከፈቱ ስለነበር የተወለወለው ወለል አልደረቀም፤ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሥራዋን ጥላ በጠዋት የመጣችው አላስተኛ ያላትን ጥርስ ልታሳይ ነበር። የዶክተሩ ረዳት ገብታ «አክስትህ መጥተዋል። ያ ብረት የተከልክላቸው ጥርስ ዛሬም እንዳመማቸው ነው፤ ራጅ ላንሳቸው?» ብትለው ነው እንዲያ ያላት። ድምፁ ውስጥ ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ተነስታ መጋረጃውን ገልባ ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። እሱ ግን የተናገረው ሰው ስለለመደው አሮጌ ወንበር እንደሚናገረው ነው፦ አይሰበርም፣ ተቀመጡበት።

ረዳቷ ፈገግ እያለች ወጣች። «እትዬ፣ ዶክተሩ አሁን ሥራ ይዟል። ከሰዓት ከልጅዎ ጋር ሲመጡ ያየዎታል።» ከዚያ ልታጽናናት ብላ አጠገቧ ቁጭ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርስዎንማ እንዴት እንደሚሳሳልዎ! ብረቱን የተከለልዎ ቀን ፊትዎን በፎጣ የሸፈነልዎት እኮ ለማንም አድርጎ አያውቅም። ከእሱ ጋር ስሠራ ስንት ጊዜዬ ነው፣ አንድ ሰው ሲያለብስ አላየሁም። ለልጅዎም ዛሬ ንጹሕ ፎጣ አዘጋጂ ብሎኛል።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ወጣች። የፎጣው ነገር ለጊዜው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ደረጃው ላይ ስትደርስ ጥርሷ አንኳኳ። ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቆየት ብሎ አንድ።

የታችኛው ግራ መንጋጋ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ክር የበጠሰችበት። ሲበሰብስ ነርቩን የገደለው፣ ስሩንም አጽድቶ የሞላው የእህቷ ልጅ ነው። ላዩ ፈርሶ ስለነበር «መቆሚያ ያስፈልገዋል፣ እቴቴ» ብሎ ቀጭን ብረት ስሩ ውስጥ ተከለና በላዩ ጥርስ የመሰለ ቆብ ደፋበት። ዘመድ ሁሉ በየተራ አፏን አስከፍቶ አየ። ባሏ ሳይቀር «ከድሮው አማረ፣ አሁን ደግሞ ምላስሽን ቢያሳጥርልን» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን አልተኛላትም። ስትነግረው አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ ድድሽ ነው፣ አንዴ በዚያ በኩል አታኝኪ ይላታል። ሲላት ደግሞ አፏን አያይም፤ መስኮቱን ያያል፣ ጓንቱን ያያል፣ ጫማውን ያያል።

እሷን ያስፈራት ሕመሙ አይደለም። ሕመም ምን አለበት፣ ሰው ታሞ ነው የሚኖረው። ያስፈራት የሚመታበት አኳኋን ነው። ታላቅ እህቷ፣ የዶክተሩ እናት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ዓመት ሙሉ ተኝታ ነው የሞተችው። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ የስፌት መኪና ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው፤ ታላቋ ትቆርጣለች፣ ታናሿ ትሰፋለች። ታላቋ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላም መቀሷን ከራስጌዋ አትለይም ነበር። ድምፅ ሲያንሳት፣ ውኃ ስትፈልግ፣ መገልበጥ ስትፈልግ፣ አንዳንዴም እንዲሁ ሰው ስትፈልግ፣ በመቀሱ እጀታ ግድግዳውን ትመታለች። ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቆየት ብሎ አንድ። ታናሿ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ትታ ትነሳለች። እህቷ ከተቀበረች ወር ሳይሞላ ይኼ ጥርስ ተሠራ፤ በተሠራ በሳምንቱ ማንኳኳቱ ከግድግዳው ወደ አፏ መጣ። ስንት ጊዜ ከስፌት መኪናዋ «መጣሁ፣ መጣሁ» ብላ ተነስታ እዚያች ክፍል በር ላይ ደርሳ ቆማለች። አልጋው ላይ ያልተሰፋ ጨርቅ ተከምሯል፤ መቀሱ ከራስጌው እንደተቀመጠ ነው። ሰው የለም።

ስለዚህ ያን ጠዋት በቀጥታ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። «ትችለዋለች» የምትለዋ ቃል እንደ አሸዋ ጥርሷ ሥር እየተንቀጫቀጨች፣ አውቶቡስ ይዛ ማንም ወደማያውቃት ሰፈር ሄደች። መድኃኒት ቤትና የጫማ መሸጫ መካከል የተሰካች፣ መስኮቷ በነጭ ቀለም ግማሽ ድረስ የተቀባ የጥርስ ክሊኒክ አገኘች። መቀመጫው ላይ ጉንጩን ያበጠ ሰውዬ ያንቀላፋል። ለራጁ የጠየቋት የአንድ ጉርድ ቀሚስ ማሰፊያ ያህል ነው፤ የእህቷ ልጅ ከዘመድ ገንዘብ አይነካም ነበርና ለጥርሷ ከፍላ ስለማታውቅ እጇ ቦርሳዋ ላይ ትንሽ ቆየ። ሐኪሟ በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የራጁን ፊልም ብርሃን ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያ መነጽሯን አደረገችና እንደገና አየችው።

«ማነው የሠራልዎት?»

«የእህቴ ልጅ።»

ሐኪሟ ዝም አለች። ልብስ ሰፊዋ ያን ዝምታ አወቀችው። የሰው ሥራ ተበላሽቶ ሲያመጡላት እሷም እንደዚያ ነው ዝም የምትለው፤ ያበላሸውን ላለመስደብ።

«አይሸሽጉኝ። ልጅ አይደለሁም።»

«እንግዲህ ይዩት» አለች ሐኪሟ፣ የእርሳሷን ጫፍ ፊልሙ ላይ እያስኬደች። «ይኼ ነጣ ያለ ክር የመሰለው ስሩ ውስጥ የተሞላው ነው። ብረቱ ይኼን ተከትሎ መውረድ ነበረበት። እዚህ ድረስ አብሮት ወረደ። ከዚህ በኋላ ግን ትቶት ሄደ። የስሩን ግድግዳ በጎን በስቶ ወጥቷል። ጫፉ ያለው አጥንትዎ ውስጥ ነው።»

«እና ይድናል?»

«ያኔውኑ ቢታይ ብረቱ ወጥቶ ቀዳዳው ይደፈን ነበር። አሁን ዙሪያው መግሏል፤ መነቀል ነው ያለበት።» ሐኪሟ ፊልሙን አወረደችው። «እጅ ይስታል፣ እማማ። የእኔም እጅ ስቷል። ለዚህ ነው ብረቱ ከመጣበቁ በፊት ራጅ የሚነሳው። ሲያዩት ይታያል።»

«ካላዩትስ?»

«ማየት ያልፈለገ ሰው ካልሆነ በቀር...» አለችና የጀመረችውን ዋጠችው።

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ አልተነሳችም። ልጇ ከአውቶቡስ ስትወርድ ወድቃ የፊት ጥርሷን ሰብራለች። ነርቩን የገደለላት የአክስቷ ልጅ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ብረቱን ሊተክልላት ነው። ሰኞ ባንክ ቤት ሥራ ትጀምራለች። «የፊት ጥርስ ላይ እንደዚህ ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች፤ ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

«የፊት ጥርስ ስሩ አንድ ነው፤ ከሄደ ሄደ ነው። ምን ልበልዎት፣ በሳቀች ቁጥር ታስታውሰዋለች።» ሐኪሟ ፊልሙን ፖስታ ውስጥ ከታ ሰጠቻት። ማንነቱን አልጠየቀችም። በሩ ድረስ ሸኘቻት፤ ይኼ ነው ከሁሉም በላይ ያስደነገጣት።

ቤት ስትደርስ ምሳ ቀርቦ ነበር። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ የሬዲዮኑን ሆድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ሾርባውን በአንድ እጁ ይጠጣል። ልጇ በዚያች ክፍል ውስጥ፣ የሟቿ መስታወት ፊት ቆማ፣ በጎደለው ጥርሷ በኩል ነፋስ እያስወጣች ታንጎራጉራለች። የአክስቷ ዜማ ነው። ልጅቷ ቁርጥ አክስቷን ናት፤ ግንባሩም፣ አፉም፣ ከንፈሯን ስትነክስም። በዚያ ቤት ያሉ ሴቶች ሁሉ አንድ አፍ ነው ያላቸው፤ የሴት አያታቸው አፍ፣ ሰፊ፣ የታች ከንፈሩ ገባ ያለ። ልብስ ሰፊዋ ከዳቦው ቆርሳ ሾርባ ውስጥ ነከረች፤ ግን አልበላችም። ለባሏ ነገረችው። ክሊኒክ ውስጥ የሰማችውን፣ ሌላይቱ ሐኪም ያለቻትን፣ ሁሉንም። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ትቶ ሰማት፤ ከዚያ መፍቻውን አንስቶ እንደገና አቀረቀረ።

«ሌላ ሐኪም ጋ ሄድሽ» አለ።

«ሄድኩ።»

«ሰው ቢሰማ ምን ይላል? አክስቱ እንኳ ያላመነችውን ማን ያምነዋል?»

«እኔ የልጄን ጥርስ ነው የማወራህ፣ አንተ የሰው ወሬ ታወራለህ።»

«ሟቿ ምን ብላ ነው የሞተችው? ልጄን አደራ አላለችሽም?»

ይኼን ሲል ጥርሷ አንኳኳ፤ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ጉንጯን ያዘች። አደራ ብላታለች፣ እውነት ነው። የልጄን ስም አደራ ነው ያለችው፤ ድሃ የሚያተርፈው ስም ነው ብላ። ማውራት ያስቸገራት ሰው በመጨረሻ ያወራችው እሱን ነው። ግን የዚችንስ አደራ ማን ይጠብቅ? ከመስታወቱ ፊት የምታንጎራጉረዋ ለማን ተሰጠች? ልጅቷ እንድትቀር ልትነግራት አስባ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ልጅቷ ብትቀር ዘመድ ለምን ይላል፤ በየበሩ ይንሾካሾካል፤ ዶክተሩ ብቻ ምንም ሳይሰማ የሌላ ሰው ልጅ ጥርስ ይበሳል። የሚነገርማ ከሆነ ለራሱ፣ ፊት ለፊቱ ነው። ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከልጇ ጋር ወጡ፤ መንገዱን ሁሉ ልጅቷ ስለ ባንክ ቤቱ የደንብ ልብስ ስትለፈልፍ እናቷ አንድም ቃል አልመለሰችም።

«ምነው እማዬ፣ ምላስሽን ዋጥሽው? አባዬ የተመኘው ተሳካለት በቃ?»

ክሊኒኩ ሞልቶ ነበር። ልጅቷ ስትጠራ እናቷ የምትለውን በልቧ ልታሰናዳ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። መጋረጃው በደንብ አልተዘጋም። በቀጭኑ ክፍተት የልጇ እግሮች ወንበሩ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ጫማዎቹ ወደ ላይ፣ ጎን ለጎን። መብራቱ በራ። «እስኪ ክፈቺ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ከዚያም «ፎጣውን» የሚል። የረዳቷ እጅ ነጩን ፎጣ ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ አለበሳት። ከፊቷ የቀረው አፍ ብቻ ነው፣ የተከፈተ፣ ሰፊ፣ የታች ከንፈሩ ገባ ያለ።

ጠዋት በአንድ ጆሮዋ ገብቶ የወጣው ነገር ያኔ ተመልሶ መጣ። ለማንም አድርጎ አያውቅም። ለሁለታቸው ብቻ።

እህቷ የሞተች ዕለት አፏን እንደከፈተች ነው የቀረችው። ሴቶቹ አልጋውን ከበው ቆሙ፤ ማንም እጁን አልሰደደም። ዶክተሩ በሩ ላይ፣ ከሥራ እንደመጣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ቆሟል። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ነች ሻሹን አንስታ የሰጠችው። «እንካ፣ አንተ እሰርላት። የአፍ ነገር ያንተ ነው» አለችው። አንድም ሰው ልጅ ነው፣ እናቱ ናት ብሎ አላሰበም፤ ዶክተር ነዋ። አገጯን በመዳፉ ወደ ላይ ይዞ፣ እስክትደርቅ ድረስ፣ ሳያለቅስ ተቀመጠ። ስንገባ ስንወጣ እንደዚያው ነበር አሉ ሴቶቹ በኋላ፤ አመሰገኑት። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያች ክፍል እግሩን አላስገባም። ወር ሳይሞላው ደግሞ ያ አፍ በታናሿ ፊት ላይ እንደገና መጥቶ ከመብራቱ ሥር ተከፈተለት። ፊቷን ቢሸፍነው አፉን መሸፈን አልቻለም፤ እጁ እየሠራ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር።

መጋረጃውን ገለበችው። ፎጣውን ከልጇ ፊት አነሳች።

«ተነሺ።»

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ተነሺ ብያለሁ።» ልጅቷ ከእናቷ ፊት ያየችውን አይታ ወረደች። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ወገቧን አመቻቸች፤ ፖስታውን ዘረጋችለት። «የኔን ሳትነቅል የሷን አትነካም።»

ዶክተሩ የእጁን መሣሪያ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ፖስታው ላይ የሌላ ክሊኒክ ማኅተም አለ። አልተቀበላትም። «እቴቴ፣ ሰው ይጠብቃል። ሥራ ስጨርስ እኔው ቤት እመጣና...»

«አሁን።»

«ምን ብለውሽ ነው?»

«ያሉኝን አንተ ታውቀዋለህ። ትችለዋለች አልክ አይደል? ችዬዋለሁ። ከዚህ በላይም እችል ነበር። ለልጄ ግን አልችልላትም።»

ረዳቷ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ዶክተሩ ፊልሙን አወጣ፤ መብራቱ ላይ አደረገው፤ ብዙም አላየውም። አንድ ሰው ያወቀውን ነገር ሲያሳዩት እንደሚያየው ነው ያየው። ጆሮዎቹ ድረስ ቀላ። መርፌውን ሞልቶ ሲመጣ፣ ሌላው እጁ ሳያስበው ወደ ፎጣው ሄደ። ልብስ ሰፊዋ የእጁን አንጓ ያዘችው።

«ፎጣውን ተው። እየኝ።»

«እቴቴ፣ እባክሽ።»

«ማሙሽ» አለችው። እንደዚያ ብላ የምትጠራው እናቱ ከሞተች ወዲህ ማንም ብሎት አያውቅም። «እኔ እናትህ አይደለሁም። እህቷ ነኝ። አፌ የሷን ይመስላል፣ ምን ላድርግ፣ አብረን ነው የወረስነው። የሷን አገጭ ራስህ አስረሃል። እኛ ነን ያን ቀን ያላወቅንልህ። እኔ ግን አልሞትኩም፣ ያመኛል። እየኝ!»

አፏን ከፈተች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ዶክተሩ መብራቱን አወረደው። መጀመሪያ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ጓንቱን። ከዚያ አያት። አገጯን በመዳፉ ሲይዝ አፉ የሆነ ነገር አለ፤ ቃል ይሁን ትንፋሽ ማንም አልሰማም። መርፌው ገባ። ጠበቁ። ጉጠቱ ሲገባ ዓይኑ ከአፏ አልተነሳም። አጥንቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰነጠቀ፣ ተጎተተ፣ ወጣ።

ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ቂው አለ። ላዩ ቆንጆ ጥርስ ነው፤ ቆቡ አንድም እንከን የለው። ከሥር ግን ብረቱ በስሩ ጎን እንደ እሾህ ወጥቷል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ የራሷን የተሰበረ ጥርስ በምላሷ ነካች፤ ቀና ብላ የአክስቷን ልጅ አየችው። ዶክተሩ ጓንቱን አወለቀ። «ማኅተሙ ላይ ያሉት ሐኪም ጋ እደውላለሁ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ያንቺን እሳቸው ይሥሩልሽ። እኔ አብሬሽ እመጣለሁ፤ ቆሜ አያለሁ።» ውጪ ያሉት በሽተኞች ዛሬ አይሠራም ተብለው ሲያጉረመርሙ ይሰማል። አንዷ «ዘመድ ሲመጣ እኛ ሰው አይደለንም» አለች።

ወደ ቤት የሄዱት ሦስት ሆነው ነው፣ በእግራቸው። ዶክተሩ ነጭ ካፖርቱን አጣጥፎ በብብቱ ይዟል። ልብስ ሰፊዋ ጥጥ ነክሳለች። ፀሐይ ከፎቆቹ ጀርባ ወርዳለች፤ ሱቆቹ መብራት ማብራት ጀምረዋል። ሹፌሩ በሩን ሲከፍት የሚስቱን ጉንጭ አየ፣ የልጁን ፊት አየ፣ ዶክተሩን አየ፣ ከበሩ ዘወር አለላቸው። ሬዲዮኑን ገጥሞ ጨርሷል፤ ግን አልከፈተውም።

ዶክተሩ ሳሎን አልተቀመጠም። ጫማውን በር ላይ አወለቀና ወደዚያች ክፍል ገባ። በሩን ከኋላው መለሰው። ጨርቆቹን ከአልጋው ላይ እያነሳ ወለሉ ላይ ሲያደርግ ተሰማ፤ ከዚያ የአልጋው ሽቦ ጮኸ፤ ከዚያ ምንም።

ልብስ ሰፊዋ በስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ማደንዘዣው እየለቀቃት ነው። ምላሷ ጥጡን ገፍታ ወደ ባዶው ቦታ ሄደች፤ ልስልስ ያለ፣ ሙቅ፣ የደም ጣዕም ያለው ጉድጓድ። ጠበቀች። ጥርሱ እንደሚያንኳኳ ጠበቀች፤ ከዚያ ጥርስ እንደሌለ ትዝ አላት። ቤቱ እንደዚህ ጸጥ ሲልባት እህቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ተገላገልኩ ልትል ፈለገች፤ ግን ያመማት ነገር ለካ ሰውም ሆኖላት ነበር፤ አሁን እህቷ ዳግም የሞተች መሰላት። ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባች፤ ጫፉን ልትበጥስ ወደ ግራ አፏ ወሰደችና ተወችው።

ያኔ ከግድግዳው ወዲያ አንኳኳ። በብረት ነው፣ በመቀስ እጀታ። ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቆየት ብሎ አንድ።

ሹፌሩ ቀና አለ። ልጅቷ ከጓዳ ብቅ ብላ እንደቆመች ቀረች። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ትታ፣ ደም ያዘለ ጥጥ በአፏ ይዛ ተነሳች።

«መጣሁ» አለች፤ ቃሉ ተኮላትፎ ወጣ። «መጣሁ፣ ማሙሽ።»